ተርቦና የጭስ ቱቦ ሲለወጡ፦ በደጋና በቆላ የሚሠራ ሞተር የማስተካከል ጉዳይ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



በ1962 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ሸቭሮሌ ኩባንያ «ኮርቬር ሞንዛ ስፓይደር» የተባለችውን መኪና ተርቦ አስታጥቆ ለገበያ አቀረበ። ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር ያለው፥ በአየር የሚቀዘቅዝና 2.4 ሊትር ያህል ይዘት ያለው ሲሆን፥ 150 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር። ይህ ሞተር ለዛሬው ጉዳይ መግቢያ እንዲሆን የተመረጠው ስለ ጉልበቱ ሳይሆን ስለ ጎደለው ነገር ነው። ትርፍ ጭስ ተርባይኑን ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርገው በር፥ በሙያው አነጋገር ዌስትጌት የሚባለው፥ አልነበረውም። የተርቦው ግፊት ከልክ እንዳያልፍ የተደረገው በሁለት መንገድ ነው። በመግቢያው በኩል አንዱ ካርቡራተር አየሩን ያንቀዋል፤ በመውጫው በኩል ደግሞ ማርሚታው ጭሱን ያግደዋል። መሐንዲሶቹ ማርሚታውን የድምፅ ማፈኛ ብቻ ሳይሆን የግፊት መቆጣጠሪያም አድርገውት ነበር ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ባለንብረት ጭሱን እንደ ልብ የሚያሳልፍ ማርሚታ ባስገባ ጊዜ ተርቦው ይፈጥናል፤ ግፊቱ ፋብሪካው ካሰበው በላይ ይወጣል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። የተነካው ማርሚታ ነበር፤ የሚቃጠለው ግን ፒስቶኑ ነው።

ነገሩ በአንዲት መኪና ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ወዳዶች በተተወ ነበር። ዳሩ ግን ዛሬም በየጋራዡ ተርቦና የጭስ ቱቦ እንደ ጎማና እንደ ባትሪ ለየብቻቸው ይገዛሉ፤ ለየብቻቸውም ይገጠማሉ። ገዢው «ትልቁን ስጠኝ» ይላል፤ ሻጩም ትልቁን ይሰጣል። መኪናው ከጋራዡ ሲወጣ ድምፁ ተለውጧል፤ ቀድሞ በሁለተኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት በሦስተኛ ይወጣዋል፤ ባለንብረቱም ደስ ብሎት ሒሳቡን ይከፍላል። ጥያቄው የሚመጣው ከጥቂት ወራት በኋላ ቴስታታው ተሰንጥቆ ወይም ፒስቶኑ ቀልጦ ሲገኝ ነው። አንድ የጭነት መኪና ብቻ ያለውና እርሱንም በብድር የገዛ ሰው ሞተሩ በወረደ ቀን የሚቆምበት መኪናው ብቻ አይደለም፤ የቤቱም ወጪ አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ጉዳዩ የፍጥነት ፍቅር ላደረባቸው ወጣቶች የሚተው ጨዋታ ሳይሆን በሙያ ሊመረመር የሚገባው ነው።

ተርቦ በመሠረቱ በአንድ ዘንግ ላይ የተተከሉ ሁለት መንኮራኩሮች ነው። አንደኛው፥ ተርባይኑ፥ በሚወጣው ጭስ ይሽከረከራል፤ ሁለተኛው፥ መጭመቂያው፥ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ነዳጅ ተቃጥሎ ከሚሰጠው ሙቀት ሢሶ ያህሉ በጭሱ ሲባክን በማየት ሐሳቡን በ1905 በፓተንት ያስመዘገበው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ ነው። ይሁን እንጂ ለደጋ አገር መሐንዲስ ከቡሂ ይልቅ የሚቀርበው የጄኔራል ኤሌክትሪኩ ሳንፎርድ ሞስ ነው። ሞስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ ራስ፥ ከባሕር ወለል በላይ 4,300 ሜትር ያህል ወደሚሆነው ቦታ፥ አስወጥቶ ፈተነው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት የሚሰጠው ይህ ሞተር በተራራው ራስ ላይ ያለ ተርቦ 230 ብቻ ሰጠ፤ ተርቦ ሲታከልለት ግን 356 ሆነ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ተርቦው ለሞተሩ አዲስ ጉልበት የሰጠው አለመሆኑ ነው፤ ከፍታው የቀማውን አስመለሰለት እንጂ። ጭማሪና ማስመለስ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ወደፊት በሚቀርበው ስሌት ይታያል።

በባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ያህል ነው። 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ ግን 76 ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በጅቡቲ ወደብ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በሾፌሩ ፊት ያለው የተርቦ ግፊት ጌጅ ይህን ልዩነት የማያሳይ መሆኑ ነው። ጌጁ የሚለካው በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት በውጭ ካለው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። በጅቡቲም በአዲስ አበባም ሞተሩ ሲጠፋ ዜሮ ያሳያል፤ ሁለቱ ዜሮዎች ግን አንድ አይደሉም።

አንድ የጭነት መኪና ይታሰብ፤ ዌስትጌቱ በስፕሪንግ የሚሠራና ጌጁ 80 ኪሎፓስካል ሲያሳይ የሚከፈት ይሁን። በወደቡ ፍጹም ግፊቱ 101 ሲደመር 80፥ ማለትም 181 ይሆናል። መኪናው በአዋሽና በአዳማ በኩል ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ጌጁ አሁንም 80 ያሳያል፤ ፍጹም ግፊቱ ግን 156 ነው። ሾፌሩ ምንም እንዳልተለወጠ ያምናል፤ ሞተሩ የሚያገኘው አየር ግን ከመቶ 14 እጅ ቀንሷል። የከፋው የሚመጣው ከፖምፓው ነው። በብዙ የቀድሞ ናፍጣ ፖምፓዎች ላይ የተርቦውን ግፊት እየተከተለ ነዳጅ የሚጨምረው መሣሪያ አንድ ገጹን ለተርቦው ግፊት፥ ሌላ ገጹን ለውጭ አየር የሰጠ ስስ ቆዳ አለው። እርሱም እንደ ጌጁ ልዩነትን ብቻ ስለሚያውቅ በደጋው ላይ እንደ ቆላው ሙሉ ነዳጅ ይሰጣል። በወደቡ ለአንድ ኪሎ ናፍጣ 22 ኪሎ አየር ይደርሰው የነበረ ሞተር በአዲስ አበባ 19 ብቻ ይደርሰዋል። ጥቁር ጭስ የሚታየውና የጭሱ ሙቀት የሚንረው በዚህ ምክንያት ነው። ፍጹም ግፊትን ለይቶ የሚያውቅ፥ በውስጡ የታሸገ ዕቃ ያለው መሣሪያ የተገጠመላቸው ፖምፓዎች አሉ፤ አንድ ፖምፓ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ የነዳጁን ብሎን መንካት በጭለማ መርፌ እንደ መፈለግ ነው።

ጉልበት የጎደለው ሾፌር ወደ ጋራዥ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የዌስትጌቱን ዘንግ ማጥበቅ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው የወደቡን 181 በአዲስ አበባ ለማግኘት ጌጁን ወደ 105 ማውጣት አለበት። መጭመቂያው ታዲያ 76 የሆነውን አየር ወደ 181 ማድረስ ይጠበቅበታል፤ ይህም 2.38 እጥፍ ነው። በወደቡ ለዚያው 181 የሚያስፈልገው 1.79 እጥፍ ብቻ ነበር። ቁጥሮቹ ተቀራራቢ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን ሰፊ ነው። የመጭመቂያው ብቃት ከመቶ 70፥ የውጭው አየርም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢባል፥ በወደቡ ሁኔታ አየሩ ከመጭመቂያው 96 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይወጣል፤ በአዲስ አበባው 138 ያህል ይሆናል። መንኮራኩሩም በሩብ ያህል ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ብረቱን ለመበጠስ የሚስበው ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ፥ የሩብ ፍጥነት ጭማሪ የኃይሉን መጠን ከግማሽ በላይ ከፍ ያደርገዋል። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ ለሚሽከረከር ዕቃ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኢንተርኩለር ካለ ሙቀቱን በከፊል ይመልሳል፤ የመንኮራኩሩን ፍጥነት ግን አይመልስም።

አቧራም ከዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል። የአየር ማጣሪያው በመንገድ አቧራ ተደፍኖ 5 ኪሎፓስካል ብቻ ቢያግድ፥ በመጭመቂያው አፍ ላይ የሚቀረው 76 ሳይሆን 71 ነው፤ ያ 2.38 የነበረው ወደ 2.55 ይወጣል። በባሕር ወለል ላይ ያው እገዳ ከ1.79 ወደ 1.89 ቢያደርሰው ነው። ስለዚህ በደጋ አገር የማጣሪያ መደፈን ከቆላው ይልቅ ተርቦን ይጎዳል። አንዳንድ ባለንብረት ስለ ተርቦ ለውጥ ገንዘብ ቆጥሮ ሲመጣ በመጀመሪያ ማጣሪያው ተከፍቶ ቢታይለት ገንዘቡን ይዞ የሚመለስበት ጊዜ አይታጣም።

የተገላቢጦሹም አደጋ አለ። ያው በአዲስ አበባ በጌጅ 105 ላይ የተስተካከለው መኪና ዕቃ ሊያመጣ ወደ ወደቡ ሲወርድ፥ ስፕሪንጉ አሁንም 105 እስኪሞላ ዌስትጌቱን አይከፍትም። ፍጹም ግፊቱ 206 ይሆናል፤ ይህም ፋብሪካው ከወሰነው ከመቶ 14 ያህል ይበልጣል፤ በዚያ ላይ የአፋር ሙቀት ይጨመርበታል። በደጋው የተጠበቀው ፒስቶን በቆላው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያስከፍላል። እንግዲህ በአንድ ጉዞ ከባሕር ወለል ተነሥቶ አዲስ አበባ ለሚገባ መኪና ለሁለቱም ቦታ የሚስማማ አንድ የጌጅ ቁጥር የለም። በስፕሪንግና በቆዳ ለሚሠራ ሞተር የሚኖረው ሐቀኛ መፍትሔ ነዳጁን በደጋው አየር፥ ግፊቱን በቆላው አየር መወሰን ነው። እንዲህ የተስተካከለ ሞተር በቆላው ሊሰጥ ከሚችለው ጉልበት ጥቂት ይቀርበታል፤ ባለንብረቱም ይህ ቢነገረው ደስ አይለው ይሆናል። ሆኖም ከመገጠሙ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ወደ ጭሱ መንገድ ሲመጣ ከተርባይኑ በፊት ያለውንና ከተርባይኑ በኋላ ያለውን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ሁለቱ የሚገዙት በተቃራኒ ሕግ ነውና። ከተርባይኑ በፊት ሙቀትና ግፊት ሀብት ናቸው። ስለዚህ ከሲሊንደሮቹ እስከ ተርባይኑ ያለው ሰብሳቢ ማኒፎልድ አጭርና ሙቀት የማያባክን ሊሆን ይገባል። ጭሱ እንደ ወንዝ በእኩል አይፈስም፤ ቫልቩ በተከፈተ ቁጥር እንደ ልብ ትርታ ይመታል። በ1፥ 5፥ 3፥ 6፥ 2፥ 4 ተራ የሚተኩሰው ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር የፊተኞቹ ሦስት ሲሊንደሮች ለብቻ፥ የኋለኞቹ ሦስት ለብቻ ሲሰበሰቡ፥ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ምቶቹ በ240 ዲግሪ ይራራቃሉ፤ አንዱ የሌላውን መንገድ አይዘጋም። ሁለት አፍ ያለው የተርባይን ቤት የተፈጠረው ይህን ለመጠበቅ ነው። እርሱን አውጥቶ አንድ አፍ ያለው ርካሽ ቤት የሚገጥም ሰው በከፍተኛ ዙር ምንም ላይታወቀው ይችላል፤ በዝቅተኛ ዙር ከነጭነቱ ዳገት ሲጀምር ግን የጎደለው ይታወቀዋል።

ከተርባይኑ በኋላ የሚቀር ግፊት ግን ሁሉ ዕዳ ነው። እዚህ ላይ ሰፊ ቱቦ እውነተኛ ጥቅም አለው። በአንድ ቱቦ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ፍሰት የሚጠፋው ግፊት ከዲያሜትሩ አምስተኛ ኃይል ጋር በተቃራኒ ስለሚሄድ፥ 63 ሚሊሜትር የነበረው ቱቦ 76 ቢደረግ እገዳው ከቀድሞው ከመቶ 40 ያህል ወደሚሆን ይወርዳል። ደስ የሚያሰኝ ቁጥር ነው፤ ኮርቬርን ግን የገደለው ይኸው ደስታ ነው። ተርባይኑ የሚሠራው ከፊቱና ከኋላው ባለው ግፊት መካከል ባለው ንጥጥር ስለሆነ፥ የኋላው ሲቀንስ የፊቱ ሳይለወጥ ጉልበቱ ይጨምራል። ከፊት 200፥ ከኋላ 120 ኪሎፓስካል ከሆነ ንጥጥሩ 1.67 ነው፤ የኋላው ወደ 105 ሲወርድ 1.90 ይሆናል። ትርፉን ማሳለፍ ያለበት ዌስትጌት ቀዳዳው ለቀድሞው ቱቦ የተለካ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶም አይበቃውም፤ ዙሩ ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ያለ ልጓም ይወጣል። በደጋ አገር ደግሞ ቱቦው ባይነካም የውጭው አየር ግፊት ራሱ ዝቅተኛ ስለሆነ ተርባይኑ በመጠኑ አስቀድሞ ነፃነት አግኝቷል። ስለዚህ የጭስ ቱቦ የሚያሰፋ ሰው የዌስትጌቱን ቀዳዳ አብሮ ሊመረምር፥ ካልበቃም ሊያሰፋው ወይም ሥራውን ሊተው ይገባል።

«ትልቁን ስጠኝ» የሚለው ጥያቄ ሙሉ በሙሉ ስሕተት አይደለም። በደጋ አገር አንድ ኪሎ አየር ከባሕር ወለል ይልቅ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ መጭመቂያውም ብዙ ይዘት ያለው አየር መዋጥ ይኖርበታል። እንግዲህ መጭመቂያው በመጠኑ ተልቆ ተርባይኑ ባለበት ቢቆይ ወይም እጅግ በጥቂቱ ቢያድግ ለዳገት መኪና የተሻለ ይሆናል። የሚሸጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም የተለቁበት፥ ለውድድር የታሰበ ዕቃ ነው። እንዲህ ያለው ተርቦ በደቂቃ 1,200 ዙር ላይ ይተኛል፤ ጭነት የያዘ መኪና ደግሞ በዳገት ላይ አየር የሚፈልገው በዚያው ዙር ነው። ሾፌሩ ነዳጁን ይረግጣል፤ አየሩ አልመጣም፤ ጥላሸቱ ከኋላ ያለውን መንገደኛ ይሸፍናል። አምራቾች ለየተርቦው የሚያወጡት የመጭመቂያ ካርታ ይህን ሁሉ ስለሚያሳይ፥ ካርታውን ሊያቀርብ የማይችል ሻጭ ዕቃውንም ባያቀርብ ይመረጣል።

የቤንዚን ሞተር ሌላ ፈተና አለበት። የናፍጣ ሞተር ጠላቱ ሙቀት ሲሆን፥ የቤንዚን ሞተር ከዚያ አስቀድሞ በማንኳኳት ይሞታል። ኦልድስሞቢል በዚያው በ1962 ጄትፋየር የተባለችውን ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ተርቦ ሲያስታጥቃት የእመቃ ንጥጥሯን በ10.25 ለ 1 ላይ ተወው፤ ኮርቬር 8 ለ 1 ነበረች። ማንኳኳቱን ለማስቀረት ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ በተርቦው ሥራ ጊዜ ከአየሩ ጋር እንዲረጭ ተደረገ። ብዙ ባለንብረቶች ፈሳሹን መሙላት ዘነጉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ብዙ መኪኖች ተርቧቸው ተነቅሎ ተራ ካርቡራተር ተገጠመላቸው። ጥበቡ ትክክል ነበር፤ የዕለት ተዕለት አያያዙ ግን ከባለንብረቱ ልማድ ጋር አልተስማማም። በደጋ አገር ደግሞ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ተርቦ የሌለው ቤንዚን ሞተር በአዲስ አበባ ቀጭን አየር ስለሚያገኝ አያንኳኳም፤ በዚህም የተነሣ የካንዴላው እሳት ከፋብሪካው ልክ አስቀድሞ እንዲነሣ ተደርጎ ለዓመታት በሰላም ሊሠራ ይችላል። ተርቦ ተገጥሞለት አየሩ በተመለሰ ቀን ያው ልማድ ጥፋት ይሆናል። ስለዚህ ተርቦ ከመሥራቱ በፊት የእሳቱ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ፥ ቤንዚኑም በግፊት ጊዜ በርከት እንዲል መደረግ አለበት፤ ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ልክ በሙሉ ግፊት ወደ 12 ገደማ ይወርዳል።

አንድ ፋብሪካ ራሱ ተርቦ ሲያክል ምን ምን እንደሚለውጥ ማየት ከብዙ ምክር ይበልጣል። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ የታወቀው የቶዮታ ላንድክሩዘር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 1ኤችዜድ የተባለው ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተርና 1ኤችዲ-ቲ የተባለው ባለ ተርቦ ወንድሙ በ1990 አካባቢ የወጡ፥ ሁለቱም 94 ሚሊሜትር የሲሊንደር ስፋትና 100 ሚሊሜትር የፒስቶን ጉዞ ያላቸው፥ ይዘታቸውም እኩል 4,164 ሴንቲሜትር ኩብ የሆነ ናቸው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው ሊባል ይቻላል። ሆኖም ፋብሪካው ተርቦውን በ1ኤችዜድ ላይ እንዲሁ አልሰቀለውም። 1ኤችዜድ ነዳጁን በቴስታታው ውስጥ ባለች ትንሽ ቅድመ ክፍል የሚያቃጥልና የእመቃ ንጥጥሩ ከ22 ለ 1 የሚበልጥ ነው። ባለ ተርቦው ግን ነዳጁን በቀጥታ በፒስቶኑ ራስ ላይ የሚረጭ ሆኖ፥ ንጥጥሩ ወደ 18.6 ወርዷል። ይህ ሁሉ ወጪ የተደረገው በከንቱ አይደለም። ያቺ ትንሽ ክፍል ሙቀት የሚከማችባት ቦታ ስለሆነች፥ ከውጭ በተሰቀለ ተርቦና በበዛ ናፍጣ የሚሠራ 1ኤችዜድ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በዚያ አካባቢ ነው። ይህ ማለት ለ1ኤችዜድ ተርቦ ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ የሞስን ሥራ ብቻ እንዲሠራ፥ ከፍታው የወሰደውን አየር እንዲመልስ፥ በአነስተኛ ግፊትና ነዳጁ ሳይጨመርበት ቢገጠም ጭሱን ያጠራል፤ ሞተሩንም ያቀዘቅዛል። ችግሩ የሚጀምረው ማስመለሱ አልበቃ ብሎ ጭማሪ ሲፈለግ ነው።

በማስተካከል ሥራ ናፍጣው የመጨረሻው ነው፤ በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ሆኖ ይታያል። አየር የሚያፈስ የቱቦ መጋጠሚያ፥ የተደፈነ ማጣሪያ፥ ከተርቦው ወደ ታች በነፃ የማይወርድ የዘይት መመለሻ ባሉበት ፖምፓ መነካት የለበትም። የነዳጁ መርጫ ጊዜም አብሮ ይታያል፤ ከዘገየ ነዳጁ ተቃጥሎ ሳያልቅ ወደ ተርባይኑ ይሄዳል፤ ከቀደመ ደግሞ በፒስቶኑ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይበረታል። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከተርባይኑ በፊት የሚተከል የጭስ ሙቀት መለኪያ ነው። ብዙ ሰው ለመትከል ስለሚቀለው ከተርባይኑ በኋላ ያደርገዋል፤ እዚያ የሚነበበው ግን ሞተሩ በሚለፋበት ሰዓት በመቶ ዲግሪና ከዚያም በላይ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ባለንብረቱን ያታልለዋል። ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ የፒስቶን ቅልቅሉም ከዚያ ያነሰ እንጂ የበለጠ አይደለም። ፒስቶኑ ከጭሱ ቀዝቀዝ ብሎ የሚቆየው ዘይትና ንጹሕ አየር ስለሚደርሱለት ብቻ ነው። ስለዚህ ለናፍጣ ሞተር ከተርባይኑ በፊት 700 ዲግሪ ያህሉን በረጅም ዳገት ላይ እንደ መጨረሻ ወሰን መያዝ ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

ፈተናው የሚደረግበትም ቦታ አለው። በጋራዥ ግቢ ውስጥ ነዳጅ እየረገጡ ድምፅ ማዳመጥ ፈተና አይደለም፤ ሙቀት ጊዜና ጭነት ይፈልጋል። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣው መንገድ በአንድ ጉዞ ከ1,500 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ዋሻው ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ ይህን ዳገት ሲወጣ መለኪያው ከወሰኑ ያላለፈ ሞተር ተስተካክሏል ሊባል ይቻላል። ዳገቱን ከጨረሰ በኋላ ሞተሩን ወዲያው ሳያጠፉ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ በዝግታ ማሠራት ለተርቦው ኩሽኔታ የሚከፈል ትንሽ ዋጋ ነው፤ ያ ካልተደረገ በጋለው ዘንግ ላይ የቀረው ዘይት ከስሎ ይቀራል።

በኤሌክትሮኒክ የሚመሩት አዳዲስ ሞተሮች ፍጹም ግፊትን ስለሚለኩ ከዚህ ወጥመድ ብዙውን አልፈውታል። ነገር ግን የእነርሱን ኮምፒዩተር በዝቅተኛ አገር በተዘጋጀ ፕሮግራም ለውጦ «ጉልበት መጨመር» የተለመደ ንግድ ሆኗል። ፋብሪካው የተርቦውን ፍጥነት ለመጠበቅ በከፍታ ላይ ያስቀመጠው ወሰን በዚያ ፕሮግራም ውስጥ መኖሩንና አለመኖሩን ሻጩም ገዢውም አያውቁም። ካታሊስቱን አውጥቶ ባዶ ቱቦ የመግጠም ልማድ ደግሞ ለሞተሩ የሚሰጠው ጥቅም ለከተማው አየር ከሚያደርሰው ጉዳት ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

የጭስ ቱቦ ለውጥ ከጉልበት ጋር በማይያያዝ መንገድ ሕይወት የሚያሳጣበትም ጊዜ አለ። በብዙ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ላይ ከተርባይኑ በኋላ በጭስ ቱቦው ውስጥ የሚዘጋ ሳንቃ አለ። ሾፌሩ ቁልቁለት ሲጀምር ይዘጋዋል፤ ጭሱ መውጫ አጥቶ ሞተሩን ይይዘዋል፤ የእግር ፍሬኑም ከመጋል ይድናል። ሰፊ ቱቦ በሚገጠምበት ጊዜ ይህ ሳንቃ ከነቤቱ ተቆርጦ ሲጣል ይታያል፤ ወይም በጠባቡ ልክ የተሠራው ሳንቃ በሰፊው ቱቦ ውስጥ ይመለሳል፤ በጠርዙ ዙሪያም ጭስ ያሾልካል። በገበያ ከጎሃ ጽዮን እስከ ዐባይ ድልድይ የሚወርድ፥ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ያለበትን መንገድ ከነጭነቱ የሚወርድ ሾፌር በዳገቱ ላይ ስላገኘው ትርፍ ጉልበት ሲያመሰግን ቆይቶ፥ ያጣውን ነገር የሚያውቀው ፍሬኑ ማጨስ ሲጀምር ነው። ስለዚህ የጭስ ቱቦ የለወጠ መካኒክ መኪናውን ለባለንብረቱ ከማስረከቡ በፊት፥ ሾፌሩን አጠገቡ አስቀምጦ፥ በአጭር ቁልቁለት ላይ ሳንቃውን ዘግቶ፥ ሞተሩ እንደ ቀድሞው መያዙን ከሾፌሩ አፍ መስማት አለበት። የቀድሞውን አያያዝ የሚያውቀው ሾፌሩ ነውና።